ቤት ስንገዛ ውሉን ማን ይጻፍልን?

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት በኋላ አንድ አባት ወደ እኛ ቀረቡና ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ልጆቼ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉን። «አባባ፣ አሁንማ ራስዎ ያነቡታል» አልናቸው። ጣታቸውን በየፊደሉ ላይ እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰውም እንደገና አነበቡት።

ወረቀቱ የቤት ሽያጭ ውል ነው። አባባ ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት በሬና አንድ ጊደር ሸጠው በወረዳው ከተማ አንድ ክፍል ቤት ገዝተዋል። ሴት ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የምታድርበት ነው። ያን ጊዜ ፊደል አያውቁም ነበር። ውሉን የጻፈው ሻጩ ይዞት የመጣ ሰው ነው። ጠጅ ቤት ተቀምጠው ተጻፈ፣ ሦስት ምስክር ቆመ፣ አባባም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ሦስተኛው መስመር ታዲያ «የወንድሜ የሆነውን ቤት ሸጫለሁ» ይላል። ሻጩ የሸጠላቸው የራሱን ቤት አልነበረም። ወንድምየው ደግሞ ዘንድሮ ከሄደበት አገር ተመልሶ «ቤቴን ልቀቁልኝ» ብሏል።

ይህን የምንጽፈው ከእርሳቸው ነገር ተነስተን ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ምሰሶውን ይነቀንቃል፣ በዋጋው ላይ ሦስት ቀን ይከራከራል። ውሉን የሚጽፈው ማን እንደሆነ፣ የማንስ ሰው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ የማያወጣ ገበሬ፣ ቤት ሲገዛ ጸሐፊውን ቀና ብሎ እንኳ አያየውም።

በየከተማው በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ሥራቸው ግን የተነገራቸውን አሳምሮ መጻፍ ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ ሄደው አይመረምሩም። ጠበቃ ሕግ የተማረና የጥብቅና ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ለቀጠረው ሰው ይመረምራል፣ ይመክራል፤ ቢያጠፋም የሚጠየቅበት ሕግ አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆች የሚተዳደሩበት አዋጅ ቁጥር 1249 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል። የጠበቃ ክፍያ ከራፖር ጸሐፊው ይበልጣል፤ እሱን አንደብቅም። ሌላው ደግሞ «የተማረ ልጅ» የሚባለው ነው። እኛንም «ዩኒቨርሲቲ ደርሳችሁ የለም እንዴ? ጻፉልን» ያሉን አሉ። አንጽፍም። ፊደል ማወቅና ሕግ ማወቅ አንድ አይደለም፤ ሰው ንብረቱን በእኛ ስህተት ቢያጣ ምን እንመልሳለን?

ታዲያ የቱ ይሻላል? ቤቱ በሻጩ ስም ካርታ ካለው፣ ሻጩም ራሱ ቀርቦ የሚፈርም ከሆነና ምንም ክርክር ከሌለበት፣ ልምድ ያለው ራፖር ጸሐፊ ሊበቃ ይችላል። ቤቱ የውርስ ከሆነ፣ ሻጩ «ተወክዬ ነው» ካለ፣ ባልና ሚስት ተፋትተው ያልተካፈሉት ከሆነ፣ ወይም ካርታ ከሌለው ግን የጠበቃ ዋጋ አይቆጭም። የአንድ በግ ዋጋ ለማትረፍ ሲሉ ሁለት በሬ ያጡ አሉ።

ደላላ የሚያመጣውን ሰው በተለይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ሽያጩ ከቀረ ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ «ቆይ፣ ይጣራ» የሚል ጸሐፊ አይመቸውም። «የማውቀው ጸሐፊ አለ፣ ቶሎ ይጨርስልናል» ሲላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ሻጩ ያመጣውም ያው ነው። «ለሁለታችሁም እኔው እቆማለሁ» የሚል ጠበቃ ቢያጋጥማችሁም እሺ አትበሉ። ነገ ጠብ ቢነሳ ከማን ጋር ሊሆን ነው? የራሳችሁ ሰው ማለት እናንተ ፈልጋችሁ ያገኛችሁት፣ ገንዘቡንም ከእናንተ ብቻ የሚቀበል ነው። «ውስጥ ሰው አለኝ» እያለ የሚመጣ ጉዳይ ገዳይ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅርባችሁ።

ጠበቃ ፊት ስትቀርቡ አትፈሩ። «ፈቃድዎን ያሳዩኝ። ከዚህ በፊት የቤት ውል ሠርተው ያውቃሉ? በጠቅላላው ስንት ያስከፍሉኛል? ምን ምን ይመረምሩልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ጠበቃ በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ ገና ከጅምሩ አወቃችሁት ማለት ነው። የተስማማችሁበት ክፍያ በወረቀት ይስፈር፤ ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የቀጠራችሁት ሰው ከሁሉ በፊት ካርታውን ማየት አለበት። ካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ነው ወይ? ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ ሆኗል ወይ? ፍርድ ቤት አግዶታል ወይ? ይህ የሚጣራው ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም መዝገቡን ከያዘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ከሻጩ አፍ አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የሚስቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ባልና ሚስት ሳይስማሙ እንዳይሸጥ ይላል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ ተብሎ በልዩ የተሰጠ መሆን አለበት፤ «በጠቅላላው ወክዬዋለሁ» የሚል አይበቃም። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮ ያበቃል።

መሬቱ ራሱ እንደማይሸጥም እወቁ። የገጠር መሬትን መሸጥ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። የእርሻ መሬት ሽያጭን «ስጦታ» ወይም «ብድር» ብሎ አሳምሮ የሚጽፍላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ለሌላውም ሥራ እሱን አትቅጠሩት።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። ብዙ ሰው ምስክር ካለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥሩ 1723 ነው። ስለዚህ ጠጅ ቤት የተፈረመ ውል፣ አሥር ምስክር ቢቆምለትም፣ አልተመዘገበም። በቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው ጣት ወይም ፊርማ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የአባባም አውራ ጣት እንዲሁ ነው። ግን ይህ ምን ያህል ያጽናናል? ሕጉ ከውሉ ቢያወጣቸውም፣ ገንዘቡን ከበላው ሰው ማስመለስ ሌላ ዳገት ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ ቀብድ ስትሰጡ ትንሽ ስጡ፤ በጽሑፍም አስፍሩት። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚተው ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀብሎ የሚተው ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። ዋናውን ክፍያ በሹሙ ፊት ውሉ እስኪፈረም ያዙት። «ቀረጡ እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚል ምክር ይመጣ ይሆናል፤ ጸሐፊውም አብሮ ይመክራችሁ ይሆናል። ከሕግ ውጭ ነው፤ ደግሞም ነገ ገንዘባችሁን ልታስመልሱ ብትከሱ ወረቀቱ የሚመሰክረው ትንሹን ዋጋ ነው። ከፊርማው በኋላ ስሙን በማዘጋጃ ቤት ወደ እናንተ ማዛወር ይቀራል። ቀጣሪያችሁ ይህን ሳይጨርስ የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡት። ውሉንም ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ቃል «ይህ ምን ማለት ነው?» በሉ። ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

አባባ የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አንድ ጠበቃ ሊያነጋግሩ ነው። ከልጃቸው ደብተር ገጽ ቀደው ጥያቄያቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። አራት ናቸው። የመጀመሪያው «ሻጩን ወይም ጸሐፊውን ያውቋቸዋል ወይ?» የሚል ነው።