ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የቫይታሚን ዲ እጥረት በሴቶች

አጥንቷን እያመማት፣ ጡንቻዋም እየዛለ ወደ ሐኪም የምትቀርብ ወፍራም ሴት የሚሰጣት ምክር «ክብደት ይቀንሱ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። ምክሩ ተገቢ ቢሆንም ሕመሟ የቫይታሚን ዲ እጥረት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በዚህ ማብቃት የለበትም።

የሰው አካል ቫይታሚን ዲን በአብዛኛው የሚያገኘው ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚኑ በዚያው ይመረታል፤ በጉበትና በኩላሊት ተለውጦም አንጀት ካልሲየምና ፎስፈረስን እንዲመጥ ያደርጋል። እጥረቱ ሲበረታ የአዋቂ ሰው አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻውም ይደክማል።

ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ በወፍራም ሰው አካል ከደም ይልቅ በስብ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ወፍራሞቹም ሆኑ ቀጫጭኖቹ ተመሳሳይ ጨረር ቢያገኙም በወፍራሞቹ ደም ውስጥ የታየው የቫይታሚኑ ጭማሪ በ57 በመቶ ያነሰ ነበር። ከቆዳቸው የተገኘው የቫይታሚኑ መነሻ ንጥረ ነገር ግን አልተለያየም።

ታዲያ መንስኤው የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሰፊ የዘር ውርስ ጥናት እንዳመለከተው ውፍረት ቫይታሚን ዲን ይቀንሳል፤ የቫይታሚኑ ማነስ ውፍረትን እንደሚያስከትል ግን የጎላ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ እንክብሉ እጥረትን ይተካል እንጂ አያከሳም።

ኢትዮጵያ ፀሐይ የማይለያት አገር ብትሆንም ውሎዋ በቤት ወይም በቢሮ የሆነና አካሏን የሚሸፍን ልብስ የምታዘወትር ሴት ከጨረሩ የምታገኘው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች 8 በመቶው ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። እጥረቱ በእርግዝና ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ጉዳቱ በእናቲቱ ብቻ አይወሰንም፤ ሕፃኑ ይዞ የሚወለደው የቫይታሚን ዲ ክምችት ከእርሷ የሚገኝ ነውና።

ወፍራም የሆነችን ሴት ሁሉ መመርመር አያስፈልግም። የአጥንት ሕመምና የጡንቻ ድካም ሲኖር ግን የደም ምርመራ ይገባል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ20 ናኖግራም በታች መሆኑ በአብዛኛው እንደ እጥረት ይቆጠራል። ለሕክምና የሚያስፈልጋት መጠን ከሌሎች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከልክ ያለፈው የደምን ካልሲየም ጨምሮ ኩላሊትን ስለሚጎዳ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ብቻ መሆን አለበት።