ዩኒቨርሲቲው ስንት ጨመረላቸው?

ተፈታኙ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የሚጠብቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከሚሉ አማራጮች አንዱን መምረጥ አይደለም። ዳይናቴክ የሚባል፣ ለፈተናው ሲባል የተፈጠረ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ረዳት እንደሆነ ይነገረዋል። ኩባንያው ስዊፍትኤር 235 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሊገዛ ሲል፣ ከዚያው ሞዴል አንዷ አደጋ ይደርስባታል። አውሮፕላኗ ትገዛ ወይስ ትቅር? ረዳቱ ለአለቃው ማስታወሻ ጽፎ ማቅረብ አለበት። አደጋውን የዘገበ የጋዜጣ ጽሑፍ፣ አየር ላይ ስለተሰባበሩ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች የሚያትት የመንግሥት ሪፖርት፣ ሁለት ኢሜይሎች፣ የአማተር አብራሪዎች መጽሔት ጽሑፍ፣ የአውሮፕላኗን ብቃት የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ተሰጥተውታል። ጊዜው 90 ደቂቃ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ የዚህ ሞዴል ክንፍ ለአደጋ ያጋልጣል የሚለውን ክስ መረጃው ይደግፈዋል ወይስ ያፈርሰዋል የሚል ነው። የጋዜጣውን ዜና ብቻ አንብቦ የደነገጠ ተማሪ «አትገዛ» ብሎ ያልፋል። ጠንቃቃው ግን ሌላ ዓይነት ክንፍ ያላቸው አውሮፕላኖች ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰባበሩ ያያል፤ አውሮፕላኗ እንድትገዛ የምትወተውተው የሽያጭ ሠራተኛ የራሷ ፍላጎት እንዳላትም ይገነዘባል። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስም ሆነ የባዮሎጂ ሸምደዳ አያድንም። የሚፈተነው መረጃ አበጥሮ፣ ምክንያት አስቀምጦ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው።

ፈተናው ኮሌጂየት ለርኒንግ አሰስመንት፣ በአጭሩ ሲኤልኤ ይባል ነበር። ያዘጋጀው ካውንስል ፎር ኤይድ ቱ ኤጁኬሽን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ዓላማው በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ያለ ተማሪ ሊያዳብረው የሚገባውን ችሎታ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነበር።

ሚዛኑ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ገበያ የቆመ ሰንጋ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ማወቅ፣ አድላቢው ስንት ኪሎ እንደጨመረበት አይነግርም፤ በሬው በረት ሲገባ የነበረው ክብደት መታወቅ አለበት። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ሶሺዮሎጂስቶቹ ሪቻርድ አሩም እና ጆሲፓ ሮክሳ ይህን ተረድተው፣ በ24 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ያሉ 2,322 ተማሪዎችን በ2005 እ.ኤ.አ. ገና ሲገቡ፣ ከዚያም በ2007 የሁለተኛ ዓመት ትምህርታቸውን ሲያገባድዱ በሲኤልኤ ፈተኗቸው። ውጤቱን በ2011 «አካዴሚካሊ አድሪፍት» በተሰኘው መጽሐፋቸው ሲያወጡ አሜሪካ ተንጫጫች።

በአማካይ የታየው ዕድገት 0.18 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነበር። በተራ ቋንቋ፣ ሲገባ ከመቶ ተማሪዎች መሀል ከታች 50ኛ ላይ የነበረ ተማሪ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ቢሰለፍ 57ኛ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከተማሪዎቹ 45 በመቶው ላይ ደግሞ በስታቲስቲክስ ሊረጋገጥ የሚችል መሻሻል አልታየም።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት ነገር ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል። ግማሾቹ ተማሪዎች በቀደመው ሴሚስተር ከ20 ገጽ በላይ የሚያስጽፍ አንድም ኮርስ አልወሰዱም። ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ በሳምንት ከ40 ገጽ በላይ የሚያስነብብ ኮርስ አላገኙም። ብዙ ያነበቡና ብዙ የጻፉት የተሻለ አደጉ። ለብቻ ማጥናት ከዕድገት ጋር አብሮ ሲሄድ፣ ከጓደኛ ጋር በቡድን ያጠኑት ሰዓት ግን በተቃራኒው ነበር። የቡድን ጥናት ለሚወደው የግቢ ተማሪ ይህ የሚዋጥ አይደለም፤ ግን ሊያስብበት ይገባል።

ያም ሆኖ 45 የምትለዋን ቁጥር እንዳለች መቀበል ስህተት ነው። የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪው አሌክሳንደር አስቲን ወዲያው እንደተከራከሩት፣ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ውጤት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የአንድ ተማሪ ዕድገት አልተረጋገጠም ማለት ተማሪው አላደገም ማለት አይደለም። አማካዩን ማመን ይቻላል፤ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ መፍረድ ግን ከባድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ልፋት ነው። ሲኤልኤ ለተማሪው ማርክ አይሰጥም ነበር፤ ቢወድቅም የሚቀርበት ነገር አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኢቲኤስ የተባለው የአሜሪካ ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ተመራማሪዎች ጥናት ጉዳዩን በሌላ ተመሳሳይ ፈተና ፈትሾታል። በሦስት ተቋማት የሚማሩ 757 ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ውጤታቸውን የተቋማቸው ሰው እንደማያየው፣ ለሌላው ደግሞ ለመምህራን ወይም ለቀጣሪዎች ሊደርስ እንደሚችል ተነገራቸው። ቀጣሪ ያያል የተባሉት በግልጽ የተሻለ ውጤት አመጡ። እውቀታቸው ያው ነው፤ የተለየው ትጋታቸው ነው። ጀማሪው ተማሪ ጓጉቶ፣ ተመራቂው ሰልችቶት ከተፈተነ ዩኒቨርሲቲው ምንም እንዳላስተማረ ሆኖ ይታያል።

በእኛ አገር ይህ ሁለተኛው ችግር የለም፤ የመውጫ ፈተና ያላለፈ አይመረቅምና ሁሉም ይለፋል። ያለብን ከላይ በሰንጋው ምሳሌ ያየነው፣ የመነሻው ችግር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከተቀመጡት 150,184 ተፈታኞች 40.65 በመቶው አለፉ። ከመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የግል ኮሌጅ አያስተምርም ብሎ ደመደመ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ያላመጡ ብዙዎች የሚገቡት እነዚያው ኮሌጆች ናቸው። 17ቱ ከየት ተነስተው እዚያ እንደደረሱ ቁጥሩ አይናገርም።

መፍትሔው አዲስ ፈተና አይሻም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በእጃችን አለ። ሁለቱ ፈተናዎች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው መቀነስ አይቻልም፤ ነገር ግን በ12ኛ ክፍል እኩል ነጥብ ያመጡ ተማሪዎችን በየገቡበት ተቋም ተከትሎ በመውጫ ፈተናው ማን የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል። ሲኤልኤም ተማሪዎች ሲገቡ የነበራቸውን የኤስኤቲ (የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት እያየ ተቋማትን ያነጻጸረው በዚህ መንገድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተናን ውጤት ሲያወጣ ይህንን ጎን ለጎን ያውጣልን። እስከዚያ ድረስ ግን 62 እና 17 የሚሉትን ቁጥሮች ይዞ የትኛው ተቋም የተሻለ እንዳስተማረ መፍረድ አይቻልም።