የስኳር ሕመምተኛና የጤና ሠራተኛ ንግግር፤ በቶንጎ ምሳሌነት የቀረበ ሐተታ

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ በስተ ደቡብ የምትገኝ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። በወረዳው ማኦ፣ ኮሞ፣ በርታና ኦሮሞ ተጐራብተው ይኖራሉ። ቋንቋዎቻቸው ከአንድ ግንድ የበቀሉ አይደሉም፤ ኮሞኛና በርታኛ ከናይሎ ሰሃራ፣ ማኦ ተብለው ከሚጠሩት ልሳናት አብዛኞቹ ከኦሞቲክ፣ ኦሮምኛም ከኩሽ ቤተሰብ ይመደባሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ ሕመሙን የሚያስረዳው በእናቱ ቋንቋ ሳይሆን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ሁለተኛው ዐይነት የስኳር ሕመም ከመድኀኒቱ ባላነሰ በዚህ ንግግር ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በዚህ ዐይነቱ ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨቱን ፈጽሞ አያቋርጥም፤ ነገር ግን ጡንቻና ጉበት የሚገባውን ያህል አይታዘዙለትም፤ እየቆየም የቆሽቱ ኀይል ይደክማል። ምግብ ሳይቀመስ የተለካው የደም ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ውጤቱም በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ በሽታው አለ ይባላል። ዐይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ የሚጐዳው በዝግታ ስለ ሆነ ታማሚው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። እንግዲህ ደኅና ነኝ የሚለው ሰው በየቀኑ ክኒን እንዲውጥ ይጠየቃል ማለት ነው። ይህም ወባ የያዘው ሰው መድኀኒቱን ጨርሶ «ዳንሁ» ከሚልበት ልማድ ጋር አይስማማም።

ስሙም ራሱ ያሳስታል። ዲያቤቴስ የሚለው የግሪክ ቃል «አልፎ የሚፈስ» ማለት ሲሆን ከሽንት መብዛት የተወሰደ ነው። የአማርኛው ስም ግን ሐሳብን በቀጥታ ወደ ስኳር ይመራል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰው ከሻዩ ስኳሩን አስቀርቶ የማሽላውን ወይም የበቆሎውን ገንፎ እንደ ቀድሞው ቢመገብ ትእዛዙን የፈጸመ ይመስለዋል። ገንፎውም በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት መለወጡን ካልነገሩት በቀር አያውቅም። ቢነገረውም «ግማሹን ብቻ ብላ» የሚለው ምክር ለብቻው በሳሕን ለሚመገብ ሰው የታሰበ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ ለሚቈርስ ሰው ልክ የለውም። ምክሩ ፍሬ የሚያፈራው ምግቡን የምታዘጋጀው ሰው ስትሰማውና ከገንፎው ተቀንሶ ባቄላ፣ ባሚያና ቅጠላ ቅጠል እንዲበዛ ሲደረግ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪምና የሥነ ሰብእ ሊቅ አርተር ክላይንማን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪሙ የሚያየውን ታማሚው ከሚኖርበት ለይቶ አስረድቷል። በአማርኛችን ብንገልጸው የፊተኛው «በሽታ»፣ የኋለኛው «ሕመም» ሊባል ይችላል። የጤና ሠራተኛው በሽታውን በቁጥር ይከታተላል፤ ታማሚው ግን ሕመሙን በእርሻው፣ በትዳሩና በጾሙ ውስጥ ይኖረዋል። ሁለቱ ሳይገናኙ ቢቀሩ ቁጥሩ ከፍ ባለ ጊዜ «ታዛዥ አይደለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገር ግን ያልታዘዘበት ምክንያት አልተጠየቀም።

የዚህ ሁሉ መሸፈኛ «እሺ» የምትለው ቃል ናት። በአገራችን ልማድ በዕድሜ ወይም በማዕርግ ለሚበልጥ ሰው «አልገባኝም» ማለት እንደ ድፍረት ስለሚቈጠር፣ ታማሚው የሰማውንም ያልሰማውንም፣ የሚችለውንም የማይችለውንም በእሺታ ይቀበላል። የጤና ሠራተኛውም ተራ የሚጠብቁትን እያሰበ እሺታውን እንደ መረዳት ይወስደዋል። እሺታው ግን አብዛኛውን ጊዜ አክብሮትን እንጂ ስምምነትን አይገልጽም።

ጉዳቱ ጐልቶ የሚታየው በረመዳን ነው። በቶንጎ አካባቢ እስልምና የሰፋ ሃይማኖት ነው፤ በሕጉም ሕመምተኛ እንዳይጾም ተፈቅዶለታል። የሆነ ሆኖ በ2001 እ.ኤ.አ. በ13 አገሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለተኛው ዐይነት ሕመም ካለባቸው ሙስሊሞች 79 በመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። እንግዲህ «አትጹም» ተብሎ «እሺ» ያለ ሰው በዝምታ ሊጾም ይችላል። ግሊቤንክላሚድ የተባለው ክኒን ቆሽትን ገፋፍቶ ኢንሱሊን ስለሚያስመነጭ በባዶ ሆድ የደም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ሜትፎርሚን ግን ብቻውን ሲወሰድ ይህን የሚያደርገው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት የመውረዱ ምልክቶች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ጾሙን አፍርሶ ስኳር ወይም ማር ባይቀመስ ራስን መሳትና ሞትም ሊከተል ይችላል። ስለ ጾሙ ወሩ ሳይገባ በግልጽ ቢነጋገሩ የመድኀኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል በተቻለ ነበር።

የአስተርጓሚም ጉዳይ አለ። ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጕም ቃሉ ቢተላለፍም ነገሩ ሁሉ አይተላለፍም፤ ከሕመሙ ጋር የሚመጣውን የወንድነት ድካም አባት በልጁ አፍ አይናገርም።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። በጎንደርና በጅማ የስኳር ሕመምተኞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ ለሠለጠኑ ነርሶች በተሰጠ ጊዜ የታማሚው መንገድ አጥሯል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከየአካባቢው የተመረጡ፣ የሰፈሩን ቋንቋ የሚያውቁ ሴቶችን ወደየቤቱ ይልካል። እነርሱ ከገበታው አጠገብ ተቀምጠው ሊመክሩ ይችላሉ። በጤና ጣቢያም ነርሷ ትእዛዟን ከጨረሰች በኋላ «ገባዎት?» በማለት ፈንታ «እናቴ፣ ቤት ሲገቡ ክኒኑን እንዴት እንደሚወስዱ እስቲ ይንገሩኝ» ብትል፣ መልሱ እሺታ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሕመሙን ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ከምን እንደ መጣ እንደሚያስቡና ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ምን እንደ ሆነ መጠየቅም ጥቂት ደቂቃ እንጂ ገንዘብ አይፈልግም።

የሥነ ሰብእ ተማሪዎችም በዚህ በኩል ሥራ አላቸው። ስኳር፣ ደም፣ ድካምና ጾም በማኦ፣ በኮሞና በበርታ ልሳናት በምን ቃል እንደሚነገሩ፣ ቃሉም ምን እንደሚያሳስብ አጥንተው ለጤና ሠራተኛው ቢያቀርቡ፣ የእግርና የዐይን ብርሃን ማትረፊያ የሚሆን ሥራ ይሠራሉ።