ከቀረሶ ጋር የትኛው ዓሣ ይኑር?

በሬ ስንጠምድ አቻውን እንመርጣለን። ኃይለኛውን ከደካማው ጋር ብንጠምድ እርሻው ይበላሻል። ዓሣ ማርባትም እንዲሁ ነው። በአንድ ኩሬ አብረው የሚኖሩ ዓሦች ተመርጠው መግባት አለባቸው። ዛሬ በጉንደ ወይንና በአካባቢው ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ማርባት ለሚያስቡ ሁሉ ይህንን እንነግራለን።

ቀረሶና ዘመዶቹ

ቀረሶ በጣና ሐይቅ የሚገኝ ዓሣ ነው። ቆሮሶ የሚሉትም አሉ። ባለሙያዎች ቲላፒያ ይሉታል። ዘሩ ሲክሊድ ከሚባሉት ዓሦች ነው። የዚህ ዘር ዓሦች በአፍሪካ ሐይቆች በብዙ መቶ ዓይነት ይገኛሉ።

በከተማና በውጭ አገር ሲክሊዶችን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለዓይን ደስታ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እነሱም ጓደኛ ይመርጡላቸዋል። ከሲክሊድ ብዙው ሲፈራ ይደበቃል። በመንጋ የሚዋኙ ትንንሽ ዓሦች ሳይሸሹ ሲመላለሱ ካየ ግን ጠላት እንደሌለ ያውቃል፤ ከተደበቀበትም ይወጣል። መንጋው እንደ ዘበኛ ሆነለት ማለት ነው።

እኛ ግን ዓሣ የምናረባው ለምግብና ለገበያ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጓደኛ ሌላ ነው። ለምን ቢሉ፣ የእኛ ችግር የቀረሶ መፍራት ሳይሆን የቀረሶ መብዛት ነው።

ብዛት ሲጎዳ

እናቲቱ ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ውሃው ሞቃት ከሆነ ቀረሶ ገና በጥቂት ወር ዕድሜዋ መራባት ትጀምራለች።

ከዚያስ ምን ይሆናል? ኩሬው በጫጩት ይሞላል። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። ትልቁም ትንሹም ይቀጭጫል። ገበሬው ስንት ወር ደክሞ ጣት የሚያህል ዓሣ ያወጣል። ይህን ማን ይገዛዋል?

አምባዛ ሲገባ

እዚህ ላይ አምባዛ ይረዳናል። አምባዛ ሪዛም፣ ቅርፊት የሌለው የአገራችን ዓሣ ነው። የቀረሶን ጫጩት ይበላል። ጫጩት ሲቀንስ ለቀሩት ምግብ ይበቃል፤ እነሱም ይወፍራሉ። አምባዛውም ያድጋል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንዲሉ ነው።

ሁለቱ በምግብም ብዙ አይሻሙም። ቀረሶ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ተክል ይበላል። አምባዛ ግን በሌሊት ከሥር ከጭቃው ይለቅማል። አየርም ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ መሳብ ስለሚችል ድፍርስ ውሃ አይጎዳውም።

ነገር ግን ልብ በሉ! አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ስለዚህ አስቀድመን ቀረሶውን እናስገባለን። እሱ ጠንከር ካለ በኋላ ከእሱ ያነሰ አምባዛ እንጨምራለን። ትልቅ አምባዛ ከትንሽ ቀረሶ ጋር ማኖር ጅብን ከግልገል ጋር ማሳደር ነው።

ቁጥሩን እናስላ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ቀረሶ ብንል 200 ቀረሶ ይገባል። ለ10 ቀረሶ 1 አምባዛ ብንል ደግሞ 20 አምባዛ ይበቃል። ይህ መነሻ ነው። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ኩሬውን አይቶ ሊያስተካክለው ይችላል።

ሌሎቹስ ዓሦች?

በጣና ነጭ ዓሣ የሚባሉ ዓይነተ ብዙ ዓሦች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት በመንጋ ሆነው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት ወራጅ ውሃ ነው። የቆመ ውሃ ለእነሱ መራቢያ አይሆንም።

ካርፕ የሚባል ከውጭ የመጣ ዓሣም አለ። ብርድ ይችላል። ነገር ግን ከኩሬ አምልጦ ወንዝ እንዳይገባ ያስፈራል።

እንግዳ ዓሣ የሚያመጣውን ጉዳት በምሥራቅ አፍሪካ አይተናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባል ትልቅ አዳኝ ዓሣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ። በ1980ዎቹ እጅግ በዛ። ብዙ ዓይነት ሲክሊዶችም ከሐይቁ ጠፉ። አንድ ጊዜ የገባ ዓሣ ተለቅሞ አይወጣም።

ብርዱን አንርሳ

ቀረሶ ሙቀት ይወዳል። በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይዘገያል፤ መራባቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ለቀረሶ ይመቻል። በደጋው ግን ኩሬ ከመቆፈራችን በፊት ማለዳና ቀትር የውሃውን ሙቀት እንለካ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀረሶ ቶሎ ይደርሳል ብለን ተስፋ አናድርግ። ድካማችን የሚተርፈው ቦታውንም ዓሣውንም ስንመርጥ ነው።

እንወያይ

1. ቀረሶ ብቻውን በኩሬ ሲኖር ለምን ይቀጭጫል?
2. ከቀረሶና ከአምባዛ የትኛው ቀድሞ ይገባል? ለምን?
3. ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ለሆነ ኩሬ ስንት ቀረሶና ስንት አምባዛ ያስፈልጋል?