ዘይት የተቃጠለበት ኦቨን እንዴት ይጸዳል?

ፓዌ የቅባት እህል አገር ናት፡፡ ሰሊጡ፣ ለውዙና አኩሪ አተሩ ከመተከል ቆላ ይገኛል፤ የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአኩሪ አተር ምርምሩ ይታወቃል፡፡ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ወደ አካባቢው የሰፈሩ እናቶች ቅባት የያዘውን ዕቃ በአመድ ማሸትን ከየአገራቸው ይዘው ነበር የመጡት፡፡ ዛሬ ከሱፐርማርኬት በውድ የምንገዛው የኦቨን ማጽጃም ሥራው ከዚያ ብዙ አይርቅም፡፡

በቅድሚያ ግን ስለ እሳቱ፡፡ በኦቨን ውስጥ ቅባት ሲቀጣጠል መብራቱን ወይም ጋዙን አጥፍቶ በሩን እንደተዘጋ መተው ነው፡፡ በሩ ከተከፈተ እሳቱ አየር ያገኛል፡፡ ውሃ ፈጽሞ አይደፋም፡፡ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ቆላማዋ ፓዌ ላይ ደግሞ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የተቀጣጠለ ዘይት ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ነው፡፡ ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የሚነደውንም ዘይት በማዕድ ቤቱ ይረጨዋል፡፡ ዱቄት መበተንም ያው ነው፤ ዱቄቱ ራሱ ይቀጣጠላል፡፡ እሳቱ ካልጠፋ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት፣ አዲስ አበባ ከሆነም 939 መደወል ነው፡፡

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ጽዳት እንሮጣለን፡፡ የሕግ ባለሙያ ነኝና አንድ ነገር ልበል፡- ቤቱ የኪራይ ከሆነ ወይም የእሳት መድን ካለ፣ ሳያጸዱ በፊት ፎቶ ያንሱ፡፡ የተጸዳ ኦቨን አይመሰክርም፡፡

ጽዳቱ የሚጀመረው ኦቨኑ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝና ከሶኬት ሲነቀል ነው፡፡ መስኮት ይከፈት፤ ጥቀርሻው ለሳንባ አይበጅምና አፍና አፍንጫ ይሸፈን፡፡ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ተረጭቶ ከሆነ መጀመሪያ በደረቁ ይጠረግ፡፡ ከዱቄቶቹ አንዳንዶቹ እርጥበት ሲያገኙ ብረት ይበላሉ፡፡ ዱቄቱ ያረፈበት ያልተከደነ ምግብም ይጣል፡፡

ቀጥሎ ቅባቱ፡፡ ቤኪንግ ሶዳን (ቤኪንግ ፓውደርን አይደለም) በጥቂት ውሃ ለውሶ ግድግዳውን መቀባትና አሳድሮ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፡፡ የሚግለው ብረትና የበሩ ጎማ ግን አይነካ፡፡ የቀረውን ነጭ ብናኝ ኮምጣጤ ያነሳዋል፡፡ የእናቶቻችን አመድም ይሠራል፤ በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው የፖታሽ ጨው ቅባቱን በከፊል ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፡፡ የበሩን መስተዋት ግን ይጭራል፡፡ የሱፐርማርኬቱ ማጽጃ፣ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ከሆነ፣ በዚሁ መንገድ ቢሠራም እጅግ የበረታ በመሆኑ ቆዳ ያቃጥላል፣ የአሉሚኒየም ትሪም ይበላል፡፡ ያለ ጓንት አይነካ፡፡

ከሁሉ በላይ የምፈራው በረኪናን ነው፡፡ «ይበልጥ ያጸዳል» ብሎ ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር የሚደባልቅ ሰው የክሎሪን ጋዝ እያመረተ ነው፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፡፡ ከእሳቱ የተረፈ ሰው በጽዳቱ ሊጎዳ አይገባም፡፡

ሽቦው የቀለጠ፣ የበሩ ጎማ ያረረ ወይም መስተዋቱ የተሰነጠቀ ኦቨን ባለሙያ ሳያየው ሶኬት ላይ አይሰካ፡፡ ደህና ከሆነ ባዶውን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ አጠገቡ ቆመው ለግማሽ ሰዓት ያግሉት፡፡ ከጨሰ ቅባት ቀርቷልና ጽዳቱ ይደገም፡፡

በመጨረሻም፣ መብራት ሲጠፋ ኦቨኑንም ምድጃውንም ማጥፋት ይልመድብን፡፡ መብራቱ የሚመለሰው እኛ ከቤት ስንወጣ ሊሆን ይችላል፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡