የሌሊት ሹፌሩን እንቅልፍ አንንጠቀው

ለዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከካኩማ ሩቅ ይመስላል እንጂ በየቤታችን ስልክ ውስጥ ያለ ነው። ባለፉት ዓመታት ከዚህ ካምፕ ወደ አሜሪካ ከሄዱት ወንድሞቻችንና ልጆቻችን መካከል የከባድ መኪና ሹፌር የሆኑት ጥቂት አይደሉም። ከነሱም "ሪፈር" የሚሉትን ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ የሚጎትቱ አሉ። ደውለን ካላነሱ "አሜሪካ ገባና ረሳን" እንላለን። ለመሆኑ ሥራቸው ምን ይመስላል?

የሪፈር ተሳቢ ግንባሩ ላይ የራሱ ሞተር አለው፤ መኪናው ቢቆምም ማቀዝቀዣው ይሠራል። በረዶ የሆነ ሥጋ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጓዝ፣ ሙዝ ግን 13 ወይም 14 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ይጠቁራል። ሹፌሩ እንግዲህ መንገዱንም ሙቀቱንም ይጠብቃል ማለት ነው። ምግቡ ጠዋት ሱቅ እንዲደርስ ብዙ መጋዘኖች የሚረከቡት ሌሊትና ንጋት ላይ ስለሆነ ጉዞው የሌሊት ይሆናል።

የአሜሪካ ሕግ የሥራውን ሰዓት ወስኗል። 10 ሰዓት በተከታታይ ያረፈ ሹፌር ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል። ይህም ሥራ ከጀመረባት ደቂቃ አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ መቀጠል አይችልም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ በአብዛኞቹ የረጅም ርቀት መኪኖች ላይ ይህንን የሚቆጥረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው።

እስቲ እንደ ክፍላችን ልማድ ሒሳቡን እንሥራው። ሹፌሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሥራ ጀመረ እንበል። መጋዘን በር ላይ ጭነት ሲጠብቅ 5 ሰዓት ሄደ። በተለመደው አሠራር የ14 ሰዓቱ ቆጠራ ለወረፋ ብሎ አይቆምም። 9 ሰዓት ቀረው፤ የ30 ደቂቃዋ ዕረፍት ስትነሳ የሚነዳው 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ደግሞ በማይል ስለሆነ ወረፋው ኪሳቸውን ይጎዳል። ያኔ ነው "ልሩጥ፣ ላካክስ" የሚለው ፈተና የሚመጣው።

ሰውነት ግን አይካካስም። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቅልፍ በተፈጥሮው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 "ኔቸር" በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። ቡና ለጊዜው ያነቃል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ሕጉም የደከመ ሹፌር እንዲነዳ አይፈቅድም፤ ኩባንያው ሰዓቱን ጥሶ እንዲነዳ ማስገደድም ክልክል ነው። "ደክሞኛል፣ አልነዳም" ማለት መብቱ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ያ ሹፌር ከጠዋቱ 2 ሰዓት መኪናውን አቆመ። በ10 ሰዓቱ ውስጥ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል። እኛ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስንደውል ቺካጎ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ የያዘው ገና አሁን ነው። እናት ትደውላለች፣ አክስት ትከተላለች፣ ጎረቤትም "ሰላም ልበለው" ይላል። ማታ ደግሞ ያው ሰው 30 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ይዞ ይወጣል።

"ታዲያ ችግር ሲገጥመን ለማን እንደውል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕመምና ሞት ሰዓት አይመርጥም፤ ለሱ ይደወል። ለትምህርት ቤት ክፍያና ለወር ወጪ ግን የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ መተው ይበቃል፤ ሲነቃ ይሰማዋል። የሥራ ሰዓቱንም እሱን ራሱን እንጠይቀውና ግድግዳ ላይ እንጻፈው። "የእገሌ ልጅ ልኳል፣ አንተስ?" የምትለዋን ቃል ደግሞ እንተዋት። ማረፍ የሚገባውን ሰው መሪ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ናት።

ገንዘቡ የሚደርሰን ልጁ በሰላም ሲገባ ነው። ቸር ያሰማን።