ፍኖተሰላም ስንት ፊደል ናት?

«ፍኖተሰላም» የሚለው ስም ስንት ፊደላት አሉት? ፊደል የቆጠረ ሕፃን ሁሉ ስድስት ብሎ ይመልሳል። ለኮምፒውተር ብናቀርበው ግን መልሱ በውስጡ እንደተጫነው የፕሮግራም ማስኬጃ እትም ይለያያል። ማስኬጃ ስንል በተለምዶ ራንታይም የሚባለውን፣ የጻፍነውን ኮድ ተቀብሎ የሚያሠራልንን ሶፍትዌር ማለታችን ነው። በዩቲኤፍ 8 በሚሠራ ተርሚናል ላይ ፓይተን 2.7ን ከፍተን ስሙን በጥቅስ ውስጥ ጽፈን ርዝመቱን ብንጠይቀው 18 ይለናል። ፓይተን 3 ግን 6 ይላል። ቡሬም ለአንደኛው 6፣ ለሌላኛው 2 ናት።

ሁለቱም አልዋሹም። አሮጌው የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ 8 እነዚህ ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ። አዲሱ ግን የሚቆጥረው ፊደሉን ነው። ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ ቀበሌ የማዳበሪያ ተቀባይ ገበሬዎችን ስም የሚመዘግብ ፕሮግራም እያንዳንዱን ስም 10 ላይ እንዲቆርጥ ታዟል እንበል። በፓይተን 3 አሥር ፊደል ይተርፋል፤ በፓይተን 2.7 ግን ሦስት ፊደልና የአራተኛው ስባሪ! ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ቢወጣም፣ የቀድሞው ድጋፍ ያበቃው ጥር 1 ቀን 2020 በመሆኑ በሁለቱ መካከል የተጻፈው ኮድ ጥቂት አይደለም።

ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። እያንዳንዱ የፓይተን እትም በወጣበት ጊዜ የነበረውን የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ይዞ ይወጣል። ከምዕራብ ጎጃም ዓባይን ተሻግሮም ሆነ በመተከል በኩል የሚኖሩት ጉሙዞች ለቋንቋቸው የሚያስፈልጓቸው ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ የገቡት በእትም 6.0፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ነው። ፓይተን 2.7 የወጣው በዚያው ዓመት በሐምሌ ሲሆን የያዘው ዩኒኮድ 5.2ን ነው። በሦስት ወር ቀደመና የእነዚህን ፊደላት ስም ሲጠይቁት እስከ ዛሬ «የለም» ይላል። ለጉራጌ ቋንቋዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩትን 28 ፊደላትም ፓይተን 3.11 ሲያውቃቸው 3.10 አያውቃቸውም።

በኖድ ጄኤስም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። እስከ እትም 12 ድረስ በመደበኛነት የሚታደለው ኖድ የእንግሊዝኛን የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ብቻ ይዞ ስለሚመጣ፣ ቀንን በአማርኛ አሳየኝ ሲባል በእንግሊዝኛ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ከወጣው እትም 13 ጀምሮ ግን የቋንቋዎች መረጃ ሙሉ በሙሉ ተካቶ አማርኛውን ያወጣል። (ያም ሆኖ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ለይተን ካልጠየቅነው «ሴፕቴምበር» ማለቱን አይተውም።)

እንግዲህ ፍኖተሰላም ያለ ተማሪ የሠራው ፕሮግራም ቡሬ ባለ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልስ ቢሰጥ፣ ኮዱን ከመውቀስ በፊት የማስኬጃውን እትም መጠየቅ ይገባል። አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጫን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በተለይ በሊኑክስ ላይ የሲስተሙን ፓይተን መንካት አደገኛ ነው፤ የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች በእርሱ ላይ ይደገፋሉና። የሚሻለው እትሞቹን ጎን ለጎን ማኖር ነው።

ይህ የሚቻለው በቀላል ምክንያት ነው። በትእዛዝ መስመር ላይ «ፓይተን» ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ «ፓዝ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ከመጀመሪያው አንሥቶ በተራ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ያገኘውን ያሠራል። ፓይኢንቭ የተባለው መሣሪያ የራሱን ፎልደር ከዝርዝሩ ፊት ያስቀድማል፤ ትእዛዛችንን ተቀብሎም ለተገቢው እትም ያስተላልፋል። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በአነባበባቸው አስቀመጥናቸው።) «ፓይኢንቭ ቨርዥንስ» ያሉትን ይዘረዝራል። በአንድ ፎልደር ውስጥ ሆነን «ፓይኢንቭ ሎካል» ብለን የእትሙን ቁጥር ስንጽፍ ምርጫችን በአንዲት ትንሽ ፋይል ይመዘገባል፤ ፋይሏም ከኮዱ ጋር ወደ ጓደኛችን ትሄዳለች። ለኖድ የሚያገለግለው ኤንቪኤም ሲሆን «ኤንቪኤም ዩዝ 12» ማለት የሚለውጠው የተከፈተውን ተርሚናል ብቻ ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ከፓይተን ጋር የሚጫነውን «ፓይ» የተባለ ትእዛዝ «ፓይ -3.11» እያሉ መጠቀም ይችላሉ።

ለአካባቢያችን ዋናው ጥያቄ ግን ኢንተርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ይታወሳል። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ከእትም ወደ እትም መሸጋገር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ማውረዱ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በፓይኢንቭ ፎልደር ውስጥ «ካሽ» የሚባል ፎልደር አስቀድመን ብንፈጥር ያወረደውን ጥቅል በዚያ ያስቀርልናል፤ ባሕር ዳር ላይ የወረደውን በፍላሽ ዲስክ ወደ ፍኖተሰላም ማምጣት ይቻላል። ፓይኢንቭ ፓይተንን ከምንጭ ኮዱ የሚገነባ በመሆኑ የሲ ኮምፓይለርና ተያያዥ ላይብረሪዎች በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድመው መኖር አለባቸው። ኖድ ግን ተገንብቶ የሚመጣ ስለሆነ፣ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሲስተምና ፕሮሰሰር አንድ ዓይነት ከሆኑ ኤንቪኤም ያስቀመጠውን የእትም ፎልደር መገልበጥ ይበቃል። ፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ምን እንደሚያመጣ አንባቢያችን ስለሚያውቅ፣ የኖድ አዘጋጆች ከየእትሙ ጋር የሚያወጡትን የሻ 256 ማረጋገጫ ፋይልም አብሮ ማምጣትና ጥቅሉን ከመክፈት በፊት ማመሳከር ይገባል።